የጎረቤትን ልጅ ማን ይጠብቀው?

የጎረቤታችን ልጅ በመጠጥ ቤት ደጃፍ ቆሞ ብናየው ልንገሥጸው ይገባናልን? ወይስ ነገሩ የአባቱና የእናቱ ነው ብለን እንለፍ? ቀድሞ በአገራችን ይህ ጥያቄ የሚያከራክር አልነበረም። የሰፈሩ ሽማግሌ ያገኘውን ልጅ ሁሉ ይቈጣ ነበር፤ ወላጁም «እንኳን ቀጣህልኝ» ይለው ነበር። ዛሬ ግን በከተሞቻችን ብዙ ሰው፣ ቃየን ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ የሰጠውን መልስ ይሰጣል።

እንዲህ ያለው መልስ የሚያስከትለውን ነገር ከሩቅ አገር እንመልከት። አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ያለች ደሴት ናት፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1954 ወደ ኮንሶ የመጡ ሚስዮናውያን ከዚያ ነበሩና ስምዋ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በዚያች አገር በ1998፣ በዚያው አቈጣጠር፣ ዕድሜያቸው 15 እና 16 ከሆነው ልጆች 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረን ነበር ብለው መለሱ፤ በ2016 ግን ቍጥሩ ወደ 5 በመቶ ወረደ። የመጠጥን ጉዳት ለልጆች ማስተማር ቀድሞም ነበረ፤ ያፈራው ግን ጥቂት ነው። ኋላ ወላጆች በየትምህርት ቤቱ ተሰብስበው ለልጆቻቸው መጠጥ እንዳይገዙ፣ አዋቂ የሌለበትን ግብዣ እንዳይፈቅዱ፣ አንዱም የሌላውን ልጅ እንዲጠብቅ ተስማምተው ፈረሙ። ማታም በየሰፈሩ ይዘዋወሩ ጀመር። ዕድሜው ከ13 እስከ 16 የሆነ ልጅ በብርድ ወራት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለ አዋቂ በውጭ እንዳይገኝ ሕጉ ይከለክላል። ለኳስና ለሙዚቃም ገንዘብ ተመደበ፤ ሥራ ፈት ምሽት ልጅን ወዴት እንደሚወስድ የታወቀ ነውና።

አንድ አባት ብቻውን ቢከለክል ልጁ «የእገሌ አባት ግን ይፈቅድለታል» ይላል፤ አባትም በዚህ ክርክር ብዙ ጊዜ ይረታል። አባቶች ሁሉ አንድ ቃል ሲሆኑ ግን ልጁ የሚጠቅሰው እገሌ አይገኝም።

በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ፣ በራዲዮና በቴሌቪዥንም የመጠጥ ማስታወቂያ እንዳይነገር ከልክሏል። መልካም ነው። ነገር ግን በበዓል ቀን አያት ለልጅ ልጅዋ የምታቀምሰውን ጠላ የትኛው ዳኛ ይደርስበታል? ጠርሙስ ይዞ ወደ አረቄ ቤት የሚላከውንስ ሕፃን? የሚልከው አዋቂ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የገዛ አባቱ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳንና ወንበር ይዞ ይደርሳል፤ ስለ ሕያው ልጅ ተሰብስቦ ሲመክር ግን እምብዛም አናይም። ስብሰባው አለ፣ ሣጥኑ አለ፣ ሽማግሌዎቹም አሉ።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀናል። አረቄ እያወጣች ልጆችዋን የምታሳድግ መበለት በየሰፈሩ አለች። ሰፈሩ ሲስማማ በፊት የሚነካው የእርስዋን ደጅ ነው፤ ትልቁን ቡና ቤት የያዘው ሰው ተሰሚነት አለውና። ሌላ መተዳደሪያ ሳያገኙላት ደጅዋን መዝጋት የልጆችዋን ራት መንሣት ነው። ስለዚህ እድሩ በሚመክርበት ቀን እርስዋም ተጠርታ ትናገር፤ በርበሬ ወይም እንጀራ ለመሸጥ መነሻ የሚሆናትንም ብድር ከሣጥኑ አስቀድመው ያስቡላት።