የትኛው እጅ ነው የሚለቀስለት?

በእጅ የሚሣለው የካርቱን ፊልም ሞቷል፤ የገደለውም ኮምፒዩተር ነው የሚለው አባባል በኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ መዘውተር ከጀመረ ብዙ ዓመታት ተቈጥረዋል። አባባሉ በከፊል እውነትነት ያለው ቢሆንም፣ ሐዘኑ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። የሞተው ማን ነው? ገዳዩስ? ከሁሉም በላይ፣ ከሟቾቹ አንዱ በሙሾና በእንባ ሲሸኝ ሌላው ያለ ለቃሽ የተቀበረው ስለ ምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ በተለይ የሚያተኩረው በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ሥራው አካሄድ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ክርክሩ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። በሲኒማ መጋረጃ ላይ በአንድ ሴኮንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ። በእጅ በሚሣል ፊልም አንዱ ሥዕል ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ስለሚነሣ፣ ለአንድ ሴኮንድ 12፣ ለአንድ ደቂቃም 720 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ፤ ይህም ለአንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ ነው። ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን ቁልፍ ነጥቦች ይሥላል፤ ሰውዬው ሊዘል ሲያጎነብስ፣ አየር ላይ ሲሆን፣ መሬት ሲረግጥ። በእነዚህ መካከል ያሉትን በርካታ ሥዕሎች የሚሞሉት ወጣት ረዳቶች ናቸው። ከዚያ በእርሳስ የተሠራው ሁሉ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ሴሉሎይድ ላይ በቀለም ብዕር ይቀዳል፤ በሴሉሎይዱ ጀርባ በኩል ቀለም ይቀባል፤ በመጨረሻም ከመደቡ ሥዕል ጋር እየተነባበረ በካሜራ አንድ በአንድ ይነሣል።

በ1937 ለሕዝብ የቀረበው የዋልት ዲዝኒ «ስኖው ኋይት» ሲታይ፣ ተመልካቹ በመጋረጃው ላይ የሚያየው መስመር ሠዓሊው ያሰመረው አይደለም፤ ያንን አስመስላ የቀዳችው የሴቲቱ መስመር ነው። በዚያ ዘመን ድርጅቱ ሴቶችን በአብዛኛው የሚቀጥረው ለመቅዳትና ለመቀባት ነበር፤ ሠዓሊነት ግን የወንዶች ማዕረግ ነበር። የቀጂዎቹ ሙያ ተራ ግልበጣ አልነበረም። መስመሩ ከቀጭን ጀምሮ ወፍሮ እንደገና መቅጠን አለበት፤ ጉንጩ ላይ አንድ ቀለም፣ ልብሱ ላይ ሌላ ቀለም ይሆናል፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽና እጅ ሳይንቀጠቀጥ ይሠራል። በቀን ደርዘን ደርዘን ሆኖ በሚከማቸው ሥዕል አንዱ መስመር ከቀዳሚው በፀጉር ስፋት ቢዛነፍ፣ ገጸ ባሕርይው በመጋረጃው ላይ ይርገበገባል። በ1941 የድርጅቱ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ካነሷቸው ቅሬታዎች መካከል የደመወዝ ልዩነትና ስማቸው በፊልሞቹ ላይ አለመጠቀሱ ይገኙባቸዋል።

ማሽን በዚህ ሙያ ላይ የመጀመሪያውን ከባድ ምት ያሳረፈው እንግዲህ በኮምፒዩተር ዘመን አይደለም። በ1959 የወጣው «ስሊፒንግ ቢዩቲ» እጅግ ብዙ ገንዘብ ጨርሶ ወጪውን ሳይመልስ በመቅረቱ፣ ድርጅቱ የእርሳሱን ሥዕል በዜሮክስ ዘዴ በቀጥታ ወደ ሴሉሎይድ ማስተላለፍ ጀመረ። በ1961 የወጣውና ነጠብጣባም ውሾች የሚርመሰመሱበት «አንድ መቶ አንድ ዳልሜሽያን» የዚህ ዘዴ ፍሬ ነው። ያን ሁሉ ነጠብጣብ በእጅ መቅዳት የማይታሰብ ነበር። የቀጂዎቹም ክፍል ተመናመነ።

ማን አለቀሰ? ዋልት ዲዝኒ ራሱ ሻካራውን መስመር እንዳልወደደው ይነገራል፤ ይህ ግን የዐይን ቅሬታ እንጂ ለሰው ማዘን አይደለም። ሠዓሊዎቹ ደግሞ አብዛኛዎቹ ተደሰቱ፤ የእርሳሳቸው መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ እጅ ሳይለዝብ መጋረጃው ላይ ደረሰ። ደስታቸው ተገቢ ነው። እኛም ዛሬ ያን ፊልም ስንመለከት የምናደንቀው ያንኑ ሕያው የእርሳስ ጭረት ነው። ስለሆነም «ማሽኑ የእጅን ነፍስ አጠፋ» የሚለው ክስ እዚህ ላይ ተገልብጦ እናገኘዋለን፤ ማሽኑ የአንዱን እጅ አስወግዶ የሌላውን እጅ ገለጠ።

ተከታዩ ምት በቀቢዎቹ ላይ አረፈ። ድርጅቱ ከፒክሳር ጋር ሆኖ ባዘጋጀው የኮምፒዩተር ዘዴ ሥዕሉ እየተነበበ ቀለሙ በማሽኑ ውስጥ መቀባት በመጀመሩ፣ በ1990 የወጣው «ዘ ሬስኪዩርስ ዳውን አንደር» ያለ ሴሉሎይድ ተሠራ። አሁንም ሙሾ አልተሰማም። እንዲያውም የሚከተሉት ጥቂት ዓመታት፣ በተለይም «ዘ ላየን ኪንግ» የወጣበት 1994፣ የእጅ ሥዕል የክብር ዘመን እየተባሉ ይወሳሉ።

ሙሾው የተሰማው ተራው የሠዓሊዎቹ ሲሆን ነው። በ1995 ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ»ን አወጣ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በኮምፒዩተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዲዝኒ ቤት ሠዓሊዎች ይሰናበቱ፣ ስቱዲዮዎች ይዘጉ ጀመር። የፓሪሱ በ2003፣ የፍሎሪዳው በ2004 ተዘጋ። አስተዳዳሪዎቹ ሕዝቡ የእጅ ሥዕል ሰልችቶታል ባይ ነበሩ። ማስረጃው ግን ከዚህ ጋር አይስማማም፤ በ2002 ወጥቶ ብዙ ተመልካች ያገኘው «ሊሎ ኤንድ ስቲች» በእጅ የተሣለ ነበር፤ የተሠራውም በዚያው በተዘጋው የፍሎሪዳ ስቱዲዮ ነው። በዚያ ወቅት የከሰሩት ፊልሞች በታሪካቸው ድክመት ነው የከሰሩት ቢባል ከእውነት ብዙ የሚርቅ አይመስለንም። ለታሪክ ድክመት እርሳስ ተከሰሰ፤ ተፈረደበትም።

ይህ ፍርድ ግፍ መሆኑን እያመንን፣ ለቀጂዋ ያልፈሰሰው እንባ ለሠዓሊው የፈሰሰበትን ምክንያት መጠየቅ ግን ግዴታችን ነው። ሠዓሊው ስም አለው፤ መጽሐፍ ተጽፎለታል፤ ተማሪዎች ያውቁታል። ቀጂዋ የላትም። ለኪነ ጥበብ ያዘንን እየመሰለን ለማዕረግ አዝነን ይሆን? አንድ ሰው «ቀጂዋ የሌላን ሐሳብ ፈጻሚ ናት፤ ሠዓሊው ግን ፈጣሪ ነው» ብሎ ይከራከር ይሆናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ግን ከልክ በላይ ያረጋግጣል። በዚህ ሚዛን ከተሄደ የመካከሉን ሥዕል የሚሞላው ወጣትም ፈጻሚ ብቻ ሊባል ነው፤ ኮምፒዩተሩ በቀጥታ የተካውም ይህንኑ ወጣት ነው። በኮምፒዩተር ፊልም ዛሬም ቁልፍ አቋሞቹን የሚወስነው ሰው ነው፤ ይህም ሰው ሠዓሊ አይደለም ማለት ድፍረት ነው። በመካከል ያለውን ግን ማሽኑ አስልቶ ይሞላል፤ ሰውየው ያርመዋል።

ትልቁ ጉዳት የሚገኘው እዚህ ላይ ይመስለናል። የመካከል ሥዕል አሰልቺ ሥራ ነበር፤ ክፍያውም አነስተኛ ነበር። ነገር ግን ትምህርት ቤት ነበር። ወጣቱ የመምህሩን ሁለት ሥዕሎች በሁለት እጁ እያገላበጠ፣ በመካከላቸው ክብደት እንዴት እንደሚዛወር፣ ዐይን ከራስ ቀድሞ ለምን እንደሚዞር ሺህ ጊዜ በጣቱ ይማረው ነበር። የኛ ቁም ጸሐፊዎችም ደቀ መዝሙሩን ከብራና መፋቅና ከመስመር ማስመር የሚያስጀምሩት የፋቂ እጥረት ስላለባቸው ብቻ አይደለም። የመሰላሉ የታችኛው እርከን ሲነሣ፣ ላይ ያሉት ለጊዜው ላይ ይቆያሉ፤ የሚተካቸው ግን የሚወጣበት የለውም። ዲዝኒ ከ2011 በኋላ በእጅ የተሣለ ረጅም ፊልም ለሲኒማ ሳያወጣ ቆይቶ፣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ወጣቶችን ለእጅ ሥዕል ለማሠልጠን ሲነሣ ያስተማሩት ከቀድሞው ዘመን የቀሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። እነዚያ ጥቂቶች ባይቀሩ ኖሮ ገንዘቡ ሁሉ ምን ይገዛ ነበር?

ስለዚህ ለአንድ ሙያ ያለብን ዕዳ የሚከፈለው በሙዚየም አይመስለንም። ሴሉሎይዶቹ በሐራጅ ተሸጠው በሀብታሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ከዚያ የሚማር ረዳት የለም። ዕዳው የሚከፈለው በቅጥር ነው። በጃፓን ብዙ የመካከል ሠዓሊዎች በሥዕል ቍጥር እየተከፈላቸው በችግር ሲኖሩ፣ የሃያዎ ሚያዛኪ ቤት የሆነው ስቱዲዮ ጂብሊ ከ1989 ጀምሮ በቋሚ ደመወዝ እየቀጠረ ማሠልጠን መረጠ። ወጪው ከባድ ነበር፤ በ2014 የፊልም መሥሪያ ክፍሉን እስከ መበተን ደርሷል። ሆኖም በ2023 ያወጣው «ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄረን» የበቀለው ከዚያ ማሳ ነው። በአየርላንድም ካርቱን ሳሉን የተባለው ስቱዲዮ የአገሩን ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ መነሻ አድርጎ በ2009 «ዘ ሲክሬት ኦፍ ኬልስ»ን በእጅ ሥሏል፤ ጠፍጣፋውና ጌጠኛው የብራና ሥዕል ዓለም የሚጠይቀው መስመርን ነውና፣ ምርጫው ናፍቆት ሳይሆን የጉዳዩ ባሕርይ ነበር። የኛ አገር ሠዓሊ ከዚህ ምን እንደሚያገኝ ራሱ ይመልከተው፤ የብራና ሀብት አላነሰውም።

አሁን ደግሞ በጽሑፍ ብቻ ታዝዞ ሥዕል የሚያወጣ ማሽን መጥቷል። ሚያዛኪ በ2016 ማሽን ራሱ ያንቀሳቀሰው ምስል በቀረበለት ጊዜ፣ ሕይወትን የሚያዋርድ ነው ብሎ በቁጣ መናገሩ በጃፓን ቴሌቪዥን ታይቷል። ትናንት የእጅ ሠዓሊውን የተኩት የኮምፒዩተር ሠዓሊዎች ዛሬ በተራቸው ሥጋት ይዟቸዋል፤ ሥጋታቸውም እውነተኛ ነው። መጀመሪያ የሚነኩት ግን ዋናዎቹ አይሆኑም። ስማቸው በፊልሙ መጨረሻ በትንንሽ ፊደል፣ አዳራሹ መብራት በርቶ ሰዉ ሲወጣ የሚያልፈው ናቸው።

በ«ስኖው ኋይት» ላይ የቀጂዎቹና የቀቢዎቹ ስም በትንንሽ ፊደል እንኳ አልተጻፈም። ሴሉሎይዱ ለሐራጅ ሲቀርብ በእርሳስ የሣለው ሰው ከታወቀ ይጠቀሳል፤ በሴሉሎይዱ ላይ ያለውን መስመር ያሰመረችው ማን እንደሆነች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቅ የለም።