ያልተከደነ ጕድጓድ

ንባብ፦ ኦሪት ዘጸአት 21፥33-34፤ የዮሐንስ ወንጌል 6፥12-13



ሙሴ ለእስራኤል ሕዝብ ከሰጣቸው ሕጎች መካከል አንዲቱ ስለ ጕድጓድ ትናገራለች። አንድ ሰው ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድነው ቢተወውና የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት፣ የጕድጓዱ ባለቤት የእንስሳውን ዋጋ ለጌታው እንዲከፍል ታዝዛለች። ሰውየው በሬውን ለመግደል አስቦ ነበርን ብላ አትጠይቅም፤ በሁለቱ መካከል ጠብ ነበረን ብላም አትመረምርም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም፦ ከድነኸው ነበርን?

ይህን ክፍል በሴሚናሪ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን የበሬና የጕድጓድ ነገር የገበሬዎች ጉዳይ ነው ብዬ ፈጥኜ አልፈው ነበር። ትርጓሜውን ያስተማረችኝ አንዲት ፍየል ናት።

በገዳሪፍ ከተማ የምንሰበሰብ እኛ ጥቂት ምእመናን ባለፈው የትንሣኤ በዓል በአንድ ግቢ ተሰብስበን ምሳ በላን። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት ከካርቱም፣ ኋላም ከወድ መደኒ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችን ከእኛ ጋር ስለ ነበሩ ሰዉ ከጠበቅነው በላይ ሆነ። ሳሕን አነሰን፤ የሚታጠብበትም ውኃ አነሰን። ስለዚህ ወጡን በፌስታል እየቋጠርን አደልን፤ ውኃውንም አንድ ጊዜ ተጠጥቶበት በሚጣል የፕላስቲክ ኩባያ አጠጣን። ሲመሽ ግቢውን አጥርተን ጠረግንና ጥራጊውን ከአጥር ውጭ ከመርነው። ነገ እናቃጥለዋለን ተባባልን። ሌሊት ነፋስ ተነሣ።

ጎረቤታችን አንዲት ሱዳናዊት ባልቴት ናቸው፤ ሁላችን ሐጃ እያልን እንጠራቸዋለን። ለልጅ ልጆቻቸው ወተት የሚያልቡባት አንዲት ፍየል ነበረቻቸው። ከበዓሉ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ፍየሊቱ መብላት ተወች፤ ሆድዋ ተነፋ፣ ጀርባዋ ግን አጥንት ብቻ ሆነ፤ ወተትዋም ደረቀ። ልትሞት ስትል ታረደች። ጨጓራዋም ሲከፈት በሁለት እጅ የሚታቀፍ የፌስታል ድቡልቡል ተገኘበት። የልጅ ልጃቸው ያንን በእንጨት አንሥቶ እስከ በራችን ድረስ ይዞት መጣ። ገና እንደ ተቋጠሩ ያሉ ነበሩበት፤ ከእነርሱም አንዱ ውስጡ በበርበሬ ቀልቶ ነበር። በዚያ ሰፈር በርበሬ የሚበላ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ነቢይ አያሻም።

ወገኖቼ ሆይ፤ ይህ እንዴት እንደሚሆን ጥቂት ላስረዳችሁ። ፍየልም ላምም ፌስታልን የሚበሉት ሞኝነት ይዞአቸው አይደለም፤ የጨውና የወጥ ሽታ ስላለበት ነው፤ በበጋም ሣር በሌለበት አገር የተገኘውን መብላት ግድ ነው። የተበላው ሣር በጨጓራ ይላላል፤ እንስሳይቱ ስታመሰኳም ወደ አፍ ተመልሶ ይደቅቃል። ፌስታል ግን አይላላም፤ ወደ አፍም አይመለስም፤ ወደ ሽንፍላም አያልፍም። በዚያው ተቀምጦ ሌላውን እየጠቀለለ ያድጋል። እንስሳይቱም የጠገበች እየመሰላት በረኀብ ትሞታለች።

ይህን ካየን በኋላ በጉባኤያችን መካከል ክርክር ሆነ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፦ ቄስ፣ እንዲህ ያለ ድቡልቡል በሦስት ሳምንት አይሠራም፤ የወራት ጥርቅም ነው፤ ከሃያ ቤት የወጣውን እርስዎ ስለ ምን ይከፍላሉ? አሉኝ። ንግግራቸው እውነት ነበረ። እኔም በልቤ ያንኑ ምክንያት ይዤ ሁለት ቀን ቆየሁ፤ ይህንንም በመናገሬ አፍራለሁ። በሙሴ ሕግ የጕድጓዱ ባለቤት አንድ ሰው ነው፤ የታወቀም ነው። የእኛ ጕድጓድ ግን ብዙ ቈፋሪዎች አሉት፤ እያንዳንዱም የቈፈረው አንድ ጭብጥ አፈር ብቻ ነው። ታዲያ ቈፋሪው ስለ በዛ ጕድጓዱ ባለቤት የለውምን? እንዲህ ከሆነስ ብዙ ሆነን የምንሠራው በደል ሁሉ በደል መሆኑ ይቀራል ማለት ነዋ!

ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 በጻፈው ትንሹ ካቴኪዝም፣ አትስረቅ የሚለውን ሰባተኛውን ትእዛዝ ሲያብራራ የባልንጀራን ገንዘብ አለመውሰድ ብቻ አይበቃም ይላል፤ ባልንጀራችን ያለውን ሀብትና መተዳደሪያ እንዲጠብቅና እንዲያሻሽል ልንረዳው ይገባናል። እኛ ከሐጃ ቤት ምንም አልወሰድንም። ነገር ግን መተዳደሪያቸውን በጥራጊያችን አጠፋን። በዚህ ትእዛዝ ፊት የቆምነው እንደ ሌባ ነው።

በሦስተኛው ቀን የፍየል ዋጋ አዋጥተን ሄድን። ሐጃ መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ ቡና አስፈልተው አጠጡን። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ ልጄ፣ ከእናንተ ቤት ብቻ የወጣ አይደለም፤ ከእኔም ቤት የወጣ አለበት፤ ጠዋት ጠዋት ፉል የምናስገዛው በምንድን ነው? ደጋግመን ስንለምናቸው ግን ተቀበሉ። እኔ ሁለት ቀን የሸሸሁትን እርሳቸው ሳይጠየቁ ተናገሩት።

አሁን ወደ ወንጌሉ እንመለስ። ጌታ አምስቱን የገብስ እንጀራ አብዝቶ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ፣ ምንም እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ እንዲሰበስቡ ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። እንጀራን ከምንም ሊያበዛ የሚችል ጌታ ስለ ቍርስራሽ መጨነቁ የሚያስደንቅ አይደለምን? እኛ ጥቂት ያለን ሰዎች ስንጥል፣ ሁሉ ያለው እርሱ ይሰበስባል። ደግሞም ያ መሶብ ተመልከቱ፤ ትናንት የነበረ ነው፤ ነገም ወደ ቤት ተመልሶ እንጀራ ይያዝበታል። በዚያ ሜዳ ላይ ከአምስት ሺህ ወንዶች ምሳ በኋላ ለነፋስ የተተወ ነገር አልተነገረልንም።

እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ዘንቢል አንጠልጥሎ ይሄድ ነበር፤ ወደ ሩቅ መንገድ የሚሄድ በአገልግል ስንቅ ይይዝ ነበር፤ ቅቤው በቅል፣ እህሉ በጆንያ ነበረ። እዚህ በገዳሪፍም ጉፋ የሚሉት ከዶም ቅጠል የተጐነጐነ ዘንቢል ዛሬም በገበያ ይሸጣል፤ ብዙ ዓመትም ያገለግላል።

ይህን ስል ፌስታልን የሠራውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የሚባል የስዊድን መሐንዲስ ነበረ፤ የሥራውም የባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ1965 ተመዘገበ። ልጁ እንደ ተናገረው፣ አባቱ ያሰበው ለወረቀት ከረጢት የሚቈረጠው ዛፍ እንዲድን ነበር፤ እርሱም ፌስታሉን አጥፎ በኪሱ ይዞ እየዞረ ደጋግሞ ይጠቀምበት ነበር። (እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ ከደረሱት የስዊድን ሚሲዮናውያን ወንጌልን የተቀበሉትን አባቶች የምናከብር እኛ፣ ከዚያች አገር ሌላም ነገር እንደ ተቀበልን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።) ሰውየው ብዙ ጊዜ እንዲያገለግል የሠራውን እኛ ለአንድ ሰዓት አደረግነው። በደሉ በዕቃው ላይ አይደለም፤ በአንዲቱ ሰዓት ላይ ነው። ጀሪካንም ፕላስቲክ ነው፤ ነገር ግን ዓመታት ውኃ ይቀዳበታልና ማንም አይከስሰውም።

መንግሥታትም ነገሩን አይተውታል። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክለዋል። በአገራችን በኢትዮጵያ ስለ ስስ ፌስታል በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ልማዳችን ግን አልተለወጠም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቆአል፤ ሲጠቀምበት የተገኘ ሰውም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር የሚደርስ ቅጣት ተደንግጎበታል። ከገላባት ወደ መተማ የምትመላለሱ ሆይ፤ ይህ እናንተንም ይመለከታል። የጣልነው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ያልጠየቀ ካለ ቆሼን ያስብ፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ድሆች ናቸው።

ነገር ግን ከእናንተ መካከል አንዲት እኅት እንዲህ ብላ ጠይቃኛለች፦ ቄስ፣ እኔ ቤቴን ጥዬ በሕይወቴ የሸሸሁ ነኝ፤ ስለ ፌስታል የማስብበት ልብ ከየት ላምጣ? ይህች እኅት መልስ ይገባታል። በመጠለያ ጣቢያ ያለች እናት ለልጅዋ የታሸገ ውኃ ብትቀበል፣ የዝናብ መከላከያ የፕላስቲክ ሸራ ብትዘረጋ፣ በመድኃኒት ከረጢት ነፍስ ቢድን፣ ይህ ምሕረት ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዚሁ በገዳሪፍ ኮሌራ መግባቱ ሲታወጅ ንጹሕ ውኃ በምንም ዕቃ ቢመጣ በረከት ነበረ። የሙሴ ሕግ ጕድጓድ መቈፈርን አልከለከለም፤ ሰው ያለ ውኃ አይኖርምና። እኔ የምናገረው መክደን ለምንችል ነው።

በዚህ አገር ደግሞ አንድ መልካም ልማድ አለ። ሰዎች ዚር የሚሉትን የሸክላ ጋን በመንገድ ዳር በጥላ ሥር አስቀምጠው ለአላፊ አግዳሚ ውኃ ይሞሉበታል፤ ሸክላው ላብ እያወጣ ውኃውን ያቀዘቅዘዋል። የገንዘብ ዋጋ አይጠየቅበትም፤ የጠጪው ሃይማኖትም አይጠየቅበትም። እኛም ከሰኔ ጀምሮ በደጃችን ሁለት ዚር አስቀምጠናል። ስለ በሽታው ክዳን አበጀንለት፤ እጅ ወደ ውኃው እንዳይገባ ረጅም እጀታ ያለው መቅጃ አደረግንበት፤ በክሎሪንም የታከመ ውኃ እንሞላዋለን። በተራችሁ ቀን ያልሞላችሁ፣ ስማችሁን አልጠራም፤ ታውቁታላችሁ።

ለሚመጣው የልደት በዓል ሽማግሌዎች እንዲህ ወስነዋል፦ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ሳሕኑንና ኩባያውን ይዞ ይምጣ፤ ተፈናቅለው ለመጡትና ዕቃ ለሌላቸው እኅቶች ያውሱአቸዋል። የማጠቢያው ውኃ ሁለት በርሜል አስቀድሞ በአህያ ጋሪ ይመጣል፤ ዋጋውም ከበዓሉ መዋጮ ይከፈላል። ጥራጊው በዚያው ማታ በጆንያ ታስሮ ግቢ ውስጥ ያድራል። ሐጃ ይህን ሰምተው ትልቁን የብረት ትሪያቸውን ሊያውሱን ፈቅደዋል፤ ብቻ በበርበሬ ቀልቶ እንዳይመለስ አደራ ብለውናል።