የአልጋ ዋጋ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የተመላለሰ ሰው «አልጋ አለ?» የምትለዋን ጥያቄ ሳይጠይቅ አይቀርም። አውቶቡሱ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ይመሽበታል፤ መንገደኛው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወርዶ በየበሩ ይህችኑ ይደጋግማል። ልብ በሉ፣ «አሳድሩኝ» አይደለም የሚለው። በዚሁ አገር አያቶቻችን ሲመሽባቸው ይሉ የነበረው ግን «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ነበር። መልሱም «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» ነው። በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ነው? ለአልጋው የከፈለ ሰው እንግዳ መሆኑ ይቀራል? ምስጋናስ ከሒሳቡ ጋር ተዘግቶ ያልቃል?

በ2006 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት አነስተኛ ሆቴል አደርኩ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ይህች ከተማ የዛሬ ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው፤ ለደከመው መንገደኛ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ክፍሏ የብረት አልጋ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ከአልጋው ሥር ነጠላ ጫማ፣ መብራት ሲጠፋ የሚለኮስ የሻማ ቁራጭ ነበራት። አንዲት ልጅ በባልዲ ሙቅ ውሃ አምጥታ በሩ ላይ አስቀመጠችልኝና ሄደች። ዋጋዬን በቅድሚያ ከፍዬ ስለነበር ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ ከየት እንደመጣሁ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ለመናገር አልተገደድኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ገንዘብ ከሚገዛቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ምናልባት ይህ ዝምታ ሳይሆን አይቀርም።

ሌሊት ለሽንት ስወጣ ያቺኑ ልጅ ከባንኮኒው ኋላ፣ በቢራ ሳጥኖች መካከል ሰሌን ላይ ተኝታ አገኘኋት። ሒሳቤን ከፍያለሁ፤ ታዲያ ለምን አፈርኩ?

ይህን ያረጀ ጥያቄ ሰሞኑን የቀሰቀሰብኝ ከጎጃም እጅግ የራቀ ጉዳይ ነው። ወደ አንታርክቲካ፣ ማለትም ወደ ደቡብ ዋልታው የበረዶ አህጉር፣ ጎብኚ ስለሚያመላልሱ ትናንሽ መርከቦች አነበብኩ። መቶ ያህል መንገደኛ ይይዛሉ። ውጪው በረዶ ነው፤ ውስጡ ግን ማሞቂያ ያለው ካቢን፣ የራሱ መታጠቢያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሳይንቲስቶች ትምህርት የሚሰጡበት አዳራሽ፣ በሰዓቱ የሚቀርብ ምግብ አለ። በረንዳ ያለው ካቢን ውድ ነው፤ በክብ መስኮት ብቻ ብርሃን የሚያገኘው ረከስ ይላል። ሠራተኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው ከታች ነው፤ የፍኖተ ሰላሟ ልጅ እዚያም አለች ማለት ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ምቾቱ አልነበረም። መንገደኞቹ ወደ ምድር በጎማ ጀልባ ሲወርዱ በአንድ ጊዜ ከመቶ ሰው በላይ እግሩን እንዳያሳርፍ በስምምነት ተደንግጓል። ከመውረዳቸው በፊትና ከተመለሱ በኋላ ቦት ጫማቸውን ያጥባሉ፤ የሌላ አገር ዘርና ተሕዋስ ይዘው እንዳይገቡ ነው። በእኛ ገጠር የእንግዳውን እግር የሚያጥበው ባለቤቱ ነው። እዚያ ግን እንግዳው ራሱ ይታጠባል፤ የሚያጥበው የአገሬው ሰው የለምና። ባለቤት በሌለበት ምድር እንግዳ መሆን ይቻላል? የሚቻል ይመስለኛል። ምናልባትም የእንግድነት ንጹሑ መልክ ይኸው ነው፤ ማንም ሳያይህ፣ ማንም ሳይታዘብህ መጠንቀቅ።

ከእነዚህ መርከቦች መካከል በእድሜ ቀደምት የሆነችው ኤክስፕሎረር ናት። እ.ኤ.አ. በ1969 ለዚሁ ጉዞ ተብላ የተሠራች ቀይ መርከብ ነበረች። እኛ አዲሱን ሚሌኒየም በተቀበልን በሦስተኛው ወር፣ ኅዳር 13 ቀን 2000 ዓ.ም. አንታርክቲካ አጠገብ ከበረዶ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። በውስጧ የነበሩት 154 ሰዎች ለሰዓታት በጀልባ ላይ በብርድ ሲንቀጠቀጡ ቆይተው ኖርድኖርጌ የተባለች የኖርዌይ መርከብ ደርሳ አነሣቻቸው። ባለ በረንዳውም፣ ባለ ክብ መስኮቱም፣ ሳሕን አጣቢውም እኩል የመሸበት መንገደኛ ሆኑ።

«በባሕር ላይ የሚሰጥምን ማንሣት ለመርከብ አዛዥ የሕግ ግዴታ ነው፤ ቸርነት አይባልም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የእኛም «ቤት የእግዜር ነው» ከዚህ የራቀ አይደለም። ባለቤቱ «ቤቴ ነው፣ ልስጥህ» አላለም። ቤቱ የእኔም አይደለም ብሎ ከባለቤትነቱ ወረደ፤ እንግዳውንም ከውለታ ሸክም አወረደው። ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሰቱ፣ ባዕድ ሰው በሌላው ምድር ያለው የመጎብኘት መብት እንጂ የመስተናገድ መብት አይደለም ይላል፤ ሊመልሱት ይችላሉ፣ ብቻ መመለሱ ለጥፋቱ ምክንያት አይሁን። የጎጃም ገበሬ ካንትን ሳያነብ ይህን ያውቃል። ወንዙ በሞላበት፣ ጅቡ በሚጮህበት ምሽት «ሂድ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው አያሻውም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን ነገሩ ከብዷል። በጨለማ በር የሚያንኳኳው ማን ነው? ማሳደሩስ ነገ ምን ያስከትላል? በሩ ሳይከፈት ቢቀር ለመፍረድ እኔ አልደፍርም።

የጥንቱን መስተንግዶ እንዲያው በጅምላ ማወደስም አይገባም። አለቃና መልእክተኛ ሲያልፍ ገበሬው ድርጎ እንዲያቀርብ ይገደድ ነበር፤ ወታደርም በየቤቱ ይመራበት ነበር። ያ እንግዳ «አሳድሩኝ» አይልም፤ ይገባል እንጂ። ለዚያ ገበሬ ዋጋው ተነግሮ የሚከራይ አልጋ ነጻነት በሆነለት ነበር። ስለዚህ ለአልጋ መክፈል ነውር ነው የሚሉትን ወገኖች አልከተልም። የከፈልነው ለአንሶላው ነው፤ ሙቅ ውሃ ተሸክሞ የመጣውን ሰው ግን ዋጋው አይነካውም ለማለት ብቻ ነው።

ደግሞስ በነጻ የተሰጠው አልጋ የማን ነው? ከፍኖተ ሰላሙ አዳር አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከቡሬ ወጣ ባለ ገጠር መኪና ተበላሽቶብን አንድ ገበሬ ቤት አድሬያለሁ። እግሬን አጠቡኝ፤ የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ፣ ጠላም ቀረበ። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጠፈልኝና እንደ ሕፃን ተኛሁ። ሲነጋ ገንዘብ ለመስጠት ብሞክር አባወራው ተቆጡ፤ «እኛ ሆቴል ነን እንዴ?» አሉ። እመቤቲቱ ምንም አላሉም። ያጠቡኝ፣ የጋገሩት፣ ከዶሮ ጩኸት በፊት የተነሡት ግን እርሳቸው ነበሩ፤ እምቢታው በማን ድካም ላይ እንደተነገረ ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

ጫማዬን ሳስር ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጃቸው ከጥጆቹ በኩል ገለባ በጠጉሩ ላይ እንደተጣበቀ መጣና አጠገቤ ቆመ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ዛሬም እዚሁ ያድራሉ?»

ሲጠይቀኝ ዐይኑ መደቡ ላይ ነበር።