መልክን ማን ይዳኛል?

አንድ ሥዕል ሰውየውን መስሏል የምንለው መቼ ነው? ሥዕሉን ከሰውየው አጠገብ አቁሞ ግንባርን ከግንባር፣ አፍንጫን ከአፍንጫ ማስተያየት የሚበቃ ይመስላል። ሰውየው ከሞተና ሥዕሉ ባሕር ተሻግሮ ከሄደ ግን ማስተያየቱ የማን ሥራ ይሆናል? ይህን ጥያቄ የበጌምድር ደጋ ከማንም በፊት ሊጠይቀው የሚገባ አገር ነው ብዬ አምናለሁ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሁለት የአሣሣል ልማዶች በዚህ ምድር ተገናኝተዋል፤ አንዳቸው ለሌላው ምን እንዳሉ ግን እስከ ዛሬ በቅጡ አልመረመርንም።

ይፋግን እንውሰድ። ከጣና በስተምሥራቅ፣ ዛሬ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኘው ይፋግ በዚያ ዘመን ስመ ጥር የገበያ ቦታ ነበረች። አሞሌ እንደ ገንዘብ ይመነዘርባታል፤ ነጋዴ ከሩቅ ይወርድባታል። በአንድ የገበያ ቀን ሁለት ሰዓሊዎች እዚያ ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው በደብር ቀለም እየበጠበጠ ያደገ ነው። ባላባቱን ያገዝፈዋል፣ አሽከሩን ያሳንሰዋል። ደጉን ሰው ሁለት ዐይን ይሰጠዋል፤ ክፉዎችን በጎን ስሎ አንድ ዐይን ብቻ ይተውላቸዋል። የአድዋን ጦርነት ሥዕል ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የኛ ሰዎች ሁለት ዐይናቸውን አፍጥጠው ይታያሉ፣ ጣልያኖቹ ግን በጎን ናቸው። በዚህ ሰዓሊ ገበያ ውስጥ የሰው ጥላ መሬት ላይ አይወድቅም፤ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ ከሥዕሉ ማወቅ አይቻልም። ለማወቅም አያስፈልግም።

ሁለተኛው ሰዓሊ ከተቀመጠበት ቦታ የሚታየውን ብቻ ይስላል። ከፊቱ ያለችው ሴት ጎንበስ ብላ አሞሌ እየመረጠች ከሆነ የሚስለው ጀርባዋን ነው፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ እንዴት እንደታጠፈ፣ ተረከዟ እንዴት እንደነጣ ይታያል፤ ፊት ግን የላትም። ባላባቱ ራቅ ብሎ ቆሞ ከሆነ፣ ቅርብ ካለው አህያ ያነሰ ሆኖ ይሳላል። ፀሐይዋ በስተግራ ናት፤ ጥላው በስተቀኝ ወድቋል።

እውነቱ የትኛው ነው? ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰ ሰው ፈጥኖ ወደ ሁለተኛው ያደላል። የመጀመሪያውን ሰዓሊ ግን "መሳል ስላልቻለ ነው" ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። እሱ የሚስለው ሁሉም የሚያውቀውን ነው፦ ማን ጌታ፣ ማን ሎሌ፣ ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደሆነ። የዚያች ሴት ፊት ለአንድ አፍታ ስለዞረ ብቻ ከሥዕል መቅረት የለበትም፤ ሴትየዋ ፊት አላት፣ መንደርተኛው ሁሉ ያውቃታል። ሁለተኛው ሰዓሊ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል፤ "እዚህ ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ" ይላል። ሥራው ምስክርነት ነው። ምስክር ደግሞ ቃሉን ሰጥቶ መሄድ ብቻ አይበቃውም፤ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ባላጋራው ሲሞግተው መልስ መስጠት አለበት።

እንዲህ ያለ ምስክር በዚህ ደጋ በእርግጥ ኖሯል። ስሙ ኤድዋርድ ዛንደር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1813 በጀርመን አንሃልት ግዛት የተወለደ ሰዓሊ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1847 ሲሆን፣ ከዕፅዋት ተመራማሪው ከቪልሄልም ሺምፐር ጋር ሆኖ በሰሜን ደጃዝማች ውቤን አገልግሏል። ሁለቱ ጀርመኖች ስማቸው ከደረስጌ ማርያም ሕንፃ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ውቤ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ለራሱ ንግሥ አስቦ ነበር፤ ነገሩ ተገልብጦ በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው የነገሠው ውቤን ድል ያደረገው ካሳ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆነ። የደረስጌ ግድግዳ በአገሬው ሰዓሊዎች እጅ፣ በአገሬው ሥርዓት ተስሏል። ጥላ የሚቆጥረው ሰውና ጥላን የማያውቀው ግድግዳ በአንድ ቅጥር ውስጥ ኖረዋል ማለት ነው። ለእኔ ከዚያ ዘመን የጦር ዜና ሁሉ የሚበልጠው ይህ ጉርብትና ነው።

ከውቤ ውድቀት በኋላ ዛንደር ለቴዎድሮስ አደረ። ከአገሬው ጋር በሥጋም ተዛምዷል፤ ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ካታሪና፣ በአገር ስሟ ወለተ ኢየሱስ፣ ከክራኮቭ የመጣውን ሞሪትዝ ሆልን አገባች። ሆል ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት መድፍ ከሚያቀልጡት የቴዎድሮስ ባለሙያዎች አንዱ ነበር፤ ሴባስቶፖልም የዚያው የጋፋት ሥራ ነው። የነወለተ ኢየሱስ ልጅ ማግዳሌና እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ተወለደች፤ ስሟንም ያገኘችው ከአምባው ነው።  ዛንደር ራሱ በመቅደላ ከእንግሊዞች ጋር ነፃ ከወጡት አውሮፓውያን አንዱ ሆኖ በዚያው ዓመት ሞተ።

ሃያ ዓመት ያህል ነው የኖረው። ሃያ ዓመት የቆየ ሰው እንደ መንገደኛ አይስልም፤ የሚስላቸው ሰዎች ነገም ያገኙታል፣ ያበላሸውን ያነሱበታል። እውነታን የሚስል ሰዓሊ የአንድ አካባቢ ሰው የሚሆነው፣ በእኔ እምነት፣ በትውልድ ሳይሆን እንዲህ ባለው ተጠያቂነት ነው።

ከእሱ ጋር የማስተያየው ሌላ እጅ አለ። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሱን ከገደለ በኋላ፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ የሟቹን ፊት በእርሳስ ነደፈ። በመስመር ከሄድን ለንጉሡ እውነተኛ መልክ ከዚህ የቀረበ ሥዕል ማግኘት ይከብዳል፤ ሰዓሊው ከሰውየው አጠገብ ነበር፣ ብርሃን ነበር፣ ሰውየውም አይነቃነቅም። ሆኖም ይህ መልክ ከእንግዲህ ማየት የማይችል ሰው መልክ ነው። ባለቤቱ "ይህ እኔን አይመስልም" ሊል አይችልም፤ የሚያውቁት ወታደሮቹ ተበትነዋል ወይም ወድቀዋል። የአገሬው ሰዓሊ ቴዎድሮስን ሲስል በሹሩባው፣ በሁለት በሚያዩ ዐይኖቹ ነው፤ ያላየውን ንጉሥ፣ ሲወራለት እንደኖረ። በዝርዝር ሊሳሳት ይችላል። የተሣለው ግን ንጉሡን ለሚያውቁ ሰዎች ልጆች ነው፤ እነሱም ሥዕሉን ተቀበሉት። የሆምስ ንድፍ ለማን ፍርድ ቀረበ? ከዚያው አስከሬን የተሸለተው ጸጉር እንኳ ከለንደን ሙዚየም ወደ አገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው።

ሆምስ ከመቅደላ የወሰደው ሌላ ነገርም አለ፤ ኵርዓተ ርእሱ። የእሾህ አክሊል የደፋው ክርስቶስ ያለበት ይህ ሥዕል የአውሮፓዊ እጅ ሥራ ነው፤ ጥላና ብርሃኑ፣ የቆዳው ለስላሳነት ከኛ ሥርዓት ውጭ ነው። ሆኖም የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት ይዘምቱ ነበር፤ መኳንንቱ ይምሉበት ነበር። በኢያሱ ዳግማዊ ዘመን ሰናር ላይ ቢማረክ በወርቅ ተዋጅቶ ተመልሷል። የአገሬው ሰዓሊዎችም በራሳቸው መስመር ደጋግመው ገልብጠውታል። ሕዝባችን የውጭ አሣሣልን አላየም፣ አልተቀበለም የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል። የባዕድ ሥዕል ነበር፤ በሕዝብ ፊት ቀረበ፣ ተፈረደለት፣ የራስ ሆነ። ሆምስ ለሙዚየሙ ሳይሆን ለራሱ ወሰደው፤ በኋላ ተሽጦ ፖርቱጋል ገባ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። መልክን የሚዳኘው ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው ካልን፣ አድልዎንስ ምን እናድርገው? ባላባት ራሱን ገዝፎ ማየት ይፈልጋል፤ ዘመድ የዘመዱን ጠባሳ ይደብቃል። ይፋግ ላይ ከአህያ አንሶ የተሣለው ሰውዬ ሥዕሉን ሊቀድደው ይችላል። እውነት ነው። ሰዓሊውን በአገሬው ፍላጎት ካሰርነው የምናገኘው ምስክር ሳይሆን አዝማሪ ይሆናል፤ አዝማሪም ቢሆን ቅኔውን ሸፍኖ መውጋት ያውቅበታል። ነገር ግን ዳኛ ሊያዳላ ይችላል ተብሎ ችሎት አይዘጋም። ቀዳጁ ባላባት አጠገብ ጎረቤቱ አለ፤ "እንዲያውም ትክክል ነው፣ የዚያን ዕለት እዚያ ጋ ነበርክ" የሚል። ክርክሩ የሚያጠራውን ነገር የሰዓሊው ዐይን ብቻውን አያጠራውም፤ ዐይንም ቢሆን ከአንድ ቦታ ነው የሚያየው።

ዛንደርን ስናስብ የጎደለው ይሄው ክርክር ነው። ሰውየው ከሚስላቸው ጋር ኖረ፤ የተረፈውን ሥራውን ለማየት ግን ዛሬ ወደ አውሮፓ መሄድ ያስፈልጋል፤ ስለ እሱ የሚጽፉትም በአብዛኛው የዚያ አገር ተመራማሪዎች ናቸው። ተመራማሪው ዘመኑን ይለያል፣ ወረቀቱን ይለያል፣ እጁን ከሌላ እጅ ይለያል። የቤቱ ጣራ በዚያ አገር እንዲህ ይከደን እንደሆነ፣ ሸማው በዚያ ወገን ይጣል እንደሆነ፣ ያ ተራራ ከየትኛው ማዶ ቢቆሙ እንዲያ እንደሚታይ የሚናገረው ግን የደረስጌና የደብረ ታቦር ሰው ነው። ለዚህ ደግሞ ዋናዎቹ እስኪመለሱ መጠበቅ ግድ አይደለም። በጥሩ ወረቀት የታተመ ቅጂ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ወይም በጋፋት ኮረብታ ላይ ቢሰቀል፣ ከይፋግ ገበያ የሚመለሱ አዛውንት ቆመው "እዚህ ጋ ተሳስቷል" ሊሉ ይችላሉ፤ ያንን የሚጽፍ አንድ ተማሪ አጠገባቸው ይኑር።