ሪዝቅና የቡና ሥር

ሪዝቅ (ሲሳይ) ከአላህ ከሆነ እህል በሞላበት አገር ሰው ለምን ይራባል? በ2014ቱ ድርቅ፣ የአርብቶ አደሩ ከብት እያለቀ የጂግጂጋ ገበያ እህል አላጣም ነበርና ይህ ጥያቄ ከብዙ ሰው አፍ ተሰምቷል። እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ሪዝቅ ሳስብ የቡና ሥር ይመጣብኛል።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ቡና አብዝቶ ከሚሻቸው ምግቦች አንዱም እሱ ነው። ይሁንና ቅጠሉን ከከበበው አየር ቅንጣት ታህል አይወስድም፤ የሞለኪውሉ ሁለት አቶሞች በሦስት እጥፍ ትስስር ተቆላልፈዋልና። ቁልፉን የሚፈቱት አፈር ውስጥና በጥራጥሬ፣ በግራር ሥር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ፍግንና የረገፈ ቅጠልንም ሌሎች ደቂቅ ዘአካላት አብላልተው ወደ አሞኒየምና ናይትሬት ይለውጡታል። ያኔ በአፈሩ እርጥበት ሟሙቶ በቀጫጭኑ ሥር ይገባል።

ጓሮዬ ውስጥ ጥቂት የቡና እግር አለኝ። ናይትሮጅን ሲያጥረው ቀድሞ የሚገረጣው የታችኛው፣ ያረጀው ቅጠል ነው፤ የያዘውን ለለጋው ስለሚያሳልፍ። ኤዶ የምላቸው ፍየል አርቢ ጎረቤቴ በጠጥ በጆንያ ይልኩልኛል። እስኪብላላ አቆየውና ከግንዱ ራቅ አድርጌ፣ ሥሩን ሳልነካ ከላይኛው አፈር ጋር እቀላቅለዋለሁ። አዲሱ ቅጠል ወዝቶ ሲወጣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ኤዶንም አመሰግናለሁ። አንዱ ምስጋና ሌላውን አይቀንስም።

ነገሩ ከጓሮ ያልፋል። አንድ የካፌይን ሞለኪውል አራት የናይትሮጅን አቶሞች አሉት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር የሚነቁት በቡና ነበር። ያ ንቃት ሰው ሲረግጠው ከማያስተውለው አፈርና ፍግ ተነስቶ የደረሰ ነው። አላህ ሪዝቁን በዝቅተኛ ፍጥረት እጅ ማድረሱ ክብሩን የሚነካ ቢሆን ኖሮ፣ ኢባዳችንን በእንዲህ ያለ ነገር ባላቆመው።

ስለዚህ የተጻፈልኝ ይመጣል ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥን ተወኩል (በአላህ መመካት) ብዬ አልቀበልም። የሌላው ሪዝቅ በእኔ በኩል እንዲያልፍ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ዘካም ከዚህ አንዱ ነው፦ በሜዳ የሚግጥ ግመል 5 ሲደርስ አንድ በግ ወይም ፍየል፣ በግና ፍየል 40 ሲሞላ አንድ፣ የተወሰነለት መጠን ሞልቶ ዓመት ለቆየ ገንዘብ 2.5 በመቶ፤ ዘካ የድሃው ሐቅ እንጂ የባለሀብቱ ቸርነት አይደለም። በበረትና በካዝና የተቆለፈውን ፈትቶ የተራበው ሊጎርሰው ወደሚችል ነገር መለወጥ ነው። ሪዝቅ ከአላህ መሆኑን አምናለሁ፤ ከጎረቤቴ የቀረው ግን እኔ ዘንድ ታስሮ እንደሆነ ተጠያቂው እኔ ነኝ።