የኪስ ድንጋይ

ለመሆኑ ባለቤቱ ከሞተ ሦስት ሺህ ዓመት ያለፈውን ድንጋይ ማንሳት ስርቆት ነው? ጥያቄው የመጣብኝ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዳርትሙር በሚባለው ዛፍ አልባ ነፋሻ ደጋ ላይ ነው። እዚያ ግሪምስፓውንድ የሚሉት የነሐስ ዘመን መንደር ፍራሽ አለ፤ በአንድ የድንጋይ ካብ ውስጥ የ24 ክብ ቤቶች መሠረት ይታያል። ጣራ የለም፤ ጭስ የለም። ቦታው በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ጠባቂ ግን አላየሁም። ከአንዱ ቤት ደጃፍ አውራ ጣት የምታህል ድንጋይ አነሳሁና ኪሴ ከተትኩ።

ሕሊናዬ ሲቆረቁረኝ ተሟገትኩት። ማንን በደልኩ? ሟቾቹ አይሰሙም፤ ስማቸውን እንኳ የሚያውቅ የለም፤ ድንጋይ ደግሞ ሞልቷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ተረቱን የምንጠቅሰው ለመረዳዳት ነው፤ ለማፍረስም ግን ይሠራል። ካቡን አንድ ሰው ተሸክሞት አይሄድም፤ አንዳንድ ድንጋይ ለጌጥ የሚይዝ ጎብኚ ግን ይጨርሰዋል።

ጥፋቱ የክፉ ሐሳብ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። በ1894 (እ.ኤ.አ.) ቦታውን የቆፈሩት ሰዎች ቅን ነበሩ። ምድጃና ከሰል አገኙ፤ ከወደቀውም ከፊሉን መልሰው ካቡ። ዛሬ የጥንቱን እጅ ከእነርሱ እጅ መለየት ያስቸግራል። የከሰልን ዕድሜ በራዲዮካርቦን መለካት የተቻለው ደግሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ቆፋሪዎቹ ያንን ጥያቄ መመለስ ቀርቶ ሊያስቡትም አይችሉም ነበር።

ዕዳው ለማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ለሙታን ብቻ አይደለም፤ እኛ ያላሰብነውን ጥያቄ ይዘው ለሚመጡትም ነው። ድንጋይ የሚመሰክረው በተቀመጠበት ቦታ ነው። ከቦታው ከተነሳ ምላሱ የተቆረጠ ምስክር ይሆናል።

ወደ ቤቱ ተመለስኩ። ግን የት ነበረች? ከደጃፉ በስተግራ ወይስ በስተቀኝ? በየትኛው ጎኗ ተኝታ ነበር? ድንጋይዋን ይዤ ብዙ ቆምኩ፤ በመጨረሻም በግምት አስቀመጥኳት። ስርቆቱን መለስኩ፤ ምስክርነቱን ግን አልመለስኩም። አንድ ቀን አንድ ጠያቂ እዚያ ተንበርክኮ ያቺን ድንጋይ ያምናት ይሆናል፤ ያኔ የሚያነጋግረው የጥንቱን ሰው ሳይሆን እኔን ነው።