«ሆድ ይፍጀው» ማለት ትዕግሥት ነውን? ስለ ቈየ የልብ ቁስልና ስለ ፈውሱ

በአገራችን እጅግ የተለመደ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ነው። ሰው ሊናገረው የማይቻለው ግፍ ሲደርስበት ይህን ቃል ተናግሮ ዝም ይላል፤ ጎረቤቱም ሰምቶ «ጨዋ ነው፤ ቻይ ነው» እያለ ያመሰግነዋል። እኛ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ይህ ነው። ግፍን በሆድ ሸሽጎ መኖር በእውነት ትዕግሥት ነውን? ደግሞስ ሆዱ ሊፈጅለት ያልቻለ ሰው፣ ማለት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ፣ ቀን በትንሽ ድምፅ የሚደነግጥ፣ የቅርብ ዘመዱን እንኳ ማመን የተሳነው ሰው፣ ፈውስን ለመፈለግ ቢነሣ እምነቱ ጎደለ ሊባል ይገባልን?

አስቀድሞ የምንናገረው ስለ የትኛው ቁስል እንደ ሆነ እንለይ። አንድ ጊዜ ደርሶ የሚያልፍ አደጋ አለ፤ ሰው ከበቅሎ ይወድቃል፣ ወይም ጎርፍ ይወስደውና ይድናል። እንዲህ ያለው ድንጋጤ ብዙ ጊዜ በዕረፍትና በዘመድ ማጽናናት ይሽራል። ሌላው ግን እየተመላለሰ የሚመጣ፣ ረጅም ዘመን የሚቈይ፣ ሰውም ሊያመልጠው የማይችለው መከራ ነው፤ ይልቁንም ከሚታመን ሰው እጅ ሲመጣ እጅግ ይከፋል። ሳታድግ ለባል የተሰጠች ልጅ፣ በየቀኑ በትር የሚያርፍበት ሕፃን፣ በወህኒ የተሠቃየ እስረኛ፣ ተኩስ እየሰማ ዓመት ከዓመት የሚያድር ቤተ ሰብ በዚህ ውስጥ ይቈጠራሉ። ጁዲት ኸርማን የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህ ሁለተኛው ቁስል ለብቻው እንዲታወቅ አሳሰበች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 መባቻ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ለብቻው ስም ሰጥቶ አገባው።

ምልክቶቹም ስድስት ናቸው። ያለፈው ነገር ዛሬ እንደሚሆን ሆኖ በሕልምም በእውንም ይመለሳል፤ ሰውየው የሚያስታውሰውን ስፍራና ነገር ሁሉ ይሸሻል፤ አደጋ እንደ ቀረበ ሆኖ ዘወትር ይሠጋል። በእነዚህም ላይ ሦስት ይጨመራሉ፤ ቍጣውንና ኀዘኑን መግዛት ያቅተዋል፣ ወይም ልቡ እንደ ድንጋይ ይደነዝዛል፤ ራሱን የረከሰና የማይረባ አድርጎ ይቈጥራል፤ ከሰው ጋር ተቀራርቦ መኖር ይከብደዋል። እንግዲህ በእነዚህ የተያዘ ሰው ሰነፍም እብድም አይደለም። በማማ ላይ ቆሞ ማሳ እንደሚጠብቅ ልጅ ነው፤ እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባ በኋላ ማንም «ውረድ» ያላለው፣ ስለዚህም ሌሊቱን ሁሉ ወንጭፉን እያጮኸ የሚያድር። ጠባቂው በጊዜው መልካም ሥራ ሠርቶአል፤ የጎደለው ጊዜው እንዳለፈ የሚያስረዳው ሰው ነው።

ይህም ነገር በሩቅ አገር ብቻ ያለ አይምሰልህ። ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ተመልከት። ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በላይ ዘለቀ አርበኞችን አስከትሎ በቢቸና ወገን ሲዋጋ የነበረው ጀግንነት እስከ ዛሬ ይነገራል። በ1960 ዓ.ም. ስለ እርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የሞጣና የቢቸና ገበሬ «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሣ፤ መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ሰደደበት፤ በኋላም እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ አራት መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የእስላም ጎረቤቶቻችንም ሱቅ ተዘረፈ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ጦርነት ተነሣ። ስለ ተዋጊዎቹ ብዙ ተወርቶአል፤ ከዚያ ወዲያ በየጎጆው እንቅልፍ ስላጡት ግን የተወራው ጥቂት ነው።

ከጦርነት ሌላ ደግሞ በሰላም ዘመን፣ ያውም በዘፈንና በእልልታ መካከል የሚደርስ ቁስል አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎአል፤ ነገር ግን በጎጃም ገጠር ከዚያ በታች የተዳሩ ልጆች ብዙ እንደ ሆኑ የማያውቅ የለም። ሴቲቱ ዛሬ የልጆች እናት ሆና ሳለች የሠርጓን ሌሊት ስታስብ ትንቀጠቀጣለች፤ የምትነግረው ሰው ግን የላትም፤ ሁሉ «ወግ ነው» ይላታልና።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ትዕግሥት ማለት ሸክምን አውቆ፣ መንገዱንም አውቆ ሳይታክቱ መሄድ ነው። «ሆድ ይፍጀው» ግን ሸክሙን ሳይፈቱት፣ ምን እንዳለበት ሳያዩት፣ ጨለማ ውስጥ ማኖር ነው። ሆድ የፈጀው የመሰለን ነገር ደግሞ በእጅ ይወጣል፤ በልጅ ላይ በትር ሆኖ፣ በአረቄ ቤት ስካር ሆኖ፣ ወይም ደም መመለስ ሆኖ ይወጣል። በቅዱስ መጽሐፍ የተጻፈውን የትዕማርን ታሪክ አስብ። ወንድሟ አምኖን ባስነወራት ጊዜ ሌላው ወንድሟ አቤሴሎም ነገሩን በልቧ እንዳታኖረው ነግሮ ዝም አሰኛት፤ እርስዋም በቤቱ ብቸኛ ሆና ተቀመጠች። አባቷ ዳዊት ተቈጣ፤ ነገር ግን ምንም አላደረገም። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ያ ዝምታ በግብዣ መካከል የሰው ደም ሆኖ ፈሰሰ። አባቶቻችንም ይህን ስላወቁ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ብለዋል፤ ደግሞም «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብለዋል። ስለዚህ የተወጋውን «እርሳው» ማለት የማይቻለውን ማዘዝ ነው።

ታዲያ ፈውስ እንዴት ይገኛል? ያቺ ከላይ የጠቀስናት ሐኪም ፈውስ በሦስት እርከን እንዲሄድ አስተምራለች፤ ብዙዎችም ተከትለዋታል።

1ኛ፤ መጠጊያ። እሳት ውስጥ ያለ ሰው ቁስሉ አይታሰርም። የምትደበደብ ሴት አስቀድማ ከበትር መዳን ይገባታል፤ ወደ ደብዳቢዋ መልሶ «ታገሺ» ማለት ምክር አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ ሞትን እስኪለምን ድረስ በደከመ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጀራና ውኃ አቀረበለት፣ ደግሞም እንዲተኛ ተወው፤ ቃል የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። የሰውነት መጠጊያም አለ፤ ድንጋጤው በተነሣ ጊዜ እግርህን በመሬት ላይ አጽና፣ በዙሪያህ የምታያቸውን 5 ነገሮች በስማቸው ጥራ፣ ትንፋሽህን ቀስ ብለህ አውጣ። ይህ ጠባቂው ከማማው እንዲወርድ የሚነግረው ቋንቋ ነው።

2ኛ፤ መናገርና ማልቀስ። የጀርመን አገር የሥነ ልቡና ሊቃውንት ያወጡት አንድ ሥርዐት አለ፤ ተጐጂው ገመድ በምድር ላይ ይዘረጋል፤ ገመዱ ዕድሜው ነው፤ ክፉ ነገር በደረሰበት ዘመን ላይ ድንጋይ፣ መልካም በሆነለት ዘመን ላይ አበባ ያኖራል፤ ከዚያ ከሚሰማው ሰው ጋር ከልደቱ ጀምሮ በተራ ይተርካል። በ2004 በአውሮፓ አቈጣጠር በታተመ ምርመራ፣ በኡጋንዳ ኢምቬፒ በሚባል ሰፈር በነበሩ 43 የሱዳን ስደተኞች ላይ ይህ ተሞከረ። ከአንድ ዓመት በኋላ በዚህ ሥርዐት ከተረዱት ከ100 እጅ 29ኙ ብቻ በሽታው ሲገኝባቸው፣ ሌላ ምክር ከተሰጣቸው 79ኙ፣ ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸውም 80ው እንደ ታመሙ ነበሩ። በኋላም ሐኪም ያልሆኑ ስደተኞች ሥርዐቱን ተምረው ወገኖቻቸውን ረድተዋል።

ልቅሶስ ለእኛ ማን ያስተምረናል? ለሞተ ሰው ድንኳን እንተክላለን፣ ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን፣ ንፍሮ እናቀርባለን። ለተቀማ ልጅነት ግን ማን ድንኳን ተከለ? ከሞተው ይልቅ የቆመው ሲያለቅስ «ምን ሆነ?» የሚለው የጠፋው ስለ ምንድር ነው?

3ኛ፤ ወደ ሰው መመለስ። ቁስሉ በሰው እጅ እንደ መጣ ፈውሱም በሰው መካከል ይፈጸማል። ዕድር፣ ዕቁብ፣ ማኅበር፣ ቡና መጠራራት፣ ያቋረጡትን ትምህርት መቀጠል፣ ሥራ መያዝ፣ እነዚህ ሁሉ መድኃኒቶች ናቸው። ነገር ግን ይህ ሦስተኛው ከመጀመሪያው አይቅደም።

አሁንም «ረዳት ከወዴት ይገኛል?» ብትል፤ በመጀመሪያ ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ፈልግ። ሁለተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ለአእምሮ ሕመም የተለየ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበረ፤ ከ2010 በአውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ትምህርት በጤና ጣቢያ ያሉ ሠራተኞች የልብን ሕመም እንዲያክሙ መሠልጠን ተጀምሮአል፤ ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሐኪሞች አሏቸው። ከቤቷ የተሰደደች ሴትም የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን የመሰለ መጠለያ ልትጠይቅ ትችላለች፤ ይህ ማኅበር በ2003 በአውሮፓ አቈጣጠር በአዲስ አበባ የተመሠረተ ነው። ሦስተኛ ማንበብ የሚችል ያንብብ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ሥዕል ያለው የጭንቀት ጊዜ መመሪያ አሳትሞ በብዙ ቋንቋዎች እንዲተረጐም አድርጎአል፤ ለአብያተ ክርስቲያናትም በ2004 በናይሮቢ የታተመ፣ ምእመናን በአንድነት ተቀምጠው የልባቸውን ቁስል የሚነጋገሩበት መጽሐፍ አለ። ራስህን ለማጥፋት የሚያስብ ሐሳብ ቢመጣብህ ግን መጽሐፍ አትጠብቅ፤ ያን ቀን ለሰው ንገር፣ ብቻህንም አትደር።

ረዳት ነኝ የሚለውን ሁሉ ደግሞ አትመን፤ በእነዚህ መርምረው። ምስጢርህን ይጠብቃልን? ሳትወድ እንድትናገር ያስገድድሃልን? በአንድ ቀን እፈውስሃለሁ እያለ ገንዘብ ይጠይቅሃልን? ግፉን በአንተ ጥፋት ያደርገዋልን? በመጀመሪያው «አዎን»፣ በቀሩት «አይደለም» ካላልህ ከእርሱ ራቅ።

ነገር ግን አንድ ሰው «ጸሎትና ጠበል ሳለ ሐኪም መፈለግ ክሕደት ነው» ቢል፣ እንዲህ እንመልስለታለን። በ2007 በአውሮፓ አቈጣጠር ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል። እግሩ የተሰበረ ሰው ወጌሻ ሲጠራ ካልነቀፍነው፣ ልቡ የተሰበረውን ስለ ምን እንነቅፋለን? የሚጸልይ ይጸልይ፤ ጸሎትም ከሐኪም ደጅ አይከለክልም።

ሌላው ደግሞ «ክርስቲያን ይቅር ማለት ይገባው የለምን?» ይላል። አዎን ይገባዋል። ነገር ግን ይቅርታ ያልታየን ዕዳ መሰረዝ አይደለም፤ ምን እንደ ተወሰደ ታውቆ፣ ተቈጥሮ፣ ተለቅሶለት የሚሰጥ ስጦታ ነው። ሽማግሌዎቻችን እንኳ በደም የተፈላለጉትን ሲያስታርቁ አስቀድመው በደሉን ይሰማሉ፣ ካሣውን ይቈርጣሉ፣ ከዚያ ያስታርቃሉ። ስለዚህ ከተጐዳው ሰው ይቅርታን በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቅ፣ ለበዳዩ ይሠራል እንጂ ለሰላም አይሠራም። ይቅር ማለትም ወደ በዳይ ቤት መመለስ አይደለም፤ ዳኛም የሚገባውን እንዳይፈርድ አይከለክልም።

እንግዲህ የምንሰማ ሰዎች ምን እናድርግ? በ2011 በአውሮፓ አቈጣጠር የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር ያወጣው የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሥራችንን በሦስት ቃል ይከፍለዋል፤ ተመልከት፣ ስማ፣ አገናኝ። ተመልከት፤ የሚያስፈልገው ምግብ ነው ወይስ መጠለያ? ስማ፤ ሳትጎተጕት፣ ሳታቋርጥ፣ «ከአንቺ የባሰባት አለች» ሳትል። አገናኝ፤ ከአቅምህ በላይ የሆነውን ወደሚችል ሰው እጁን ይዘህ አድርስ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የከፋው አፋቸውን ከፍተው ጥፋቱን መፈለግ በጀመሩ ጊዜ ነው። የሞጣ ክርስቲያን ሱቁ የተዘረፈውን እስላም ጎረቤቱን፣ የቢቸናም ሰው ከማዶ ወገን ተሰልፎ የነበረውን የጎረቤቱን ልጅ እንዲህ መስማት ይቻለዋልን? የፍቅር መለኪያው ይህ ነው።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ይህን በሆዳችሁ የያዛችሁ ሁሉ፤ የደረሰባችሁ ነገር ውርደታችሁ አይደለም፤ የሠራው ሰው ውርደት ነው። ሁሉን ባንድ ቀን ተናገሩ አንላችሁም። ነገር ግን ከምታውቋቸው ሰዎች መካከል ምስጢር የሚጠብቅ አንድ መርጣችሁ፣ በዚህ ሳምንት «የምነግርህ ነገር አለኝ» ለማለት ያህል ጀምሩ። የቀረውን ቀስ እያላችሁ ታደርሱታላችሁ።